ፀሐይን በግድግዳው ያስገባ ምሁር፦ የኤድዋርድ ሞርስ ሕይወትና ሥራ

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 6 ቀን 1881 የአሜሪካ የፈጠራ መብት መዝጋቢ ጽሕፈት ቤት በቁጥር 246,626 አንድ አዲስ ሥራ መዘገበ። ሥራው በፀሐይ ጨረር ቤትን ስለማሞቅና አየሩን ስለማደስ የቀረበ ነበር። እንጨት የማይማገድበት፣ ከሰል የማይነድበት፣ ዘይት የማያሻው፣ የሚሽከረከር ጎማም ሆነ የሚዞር ዘንግ የሌለው ማሞቂያ ነው። ጥቁር የድንጋይ ንጣፍ፣ ከፊቱ መስታወት፣ በግድግዳው ላይ ደግሞ ከላይና ከታች የተከፈቱ ቀዳዳዎች፤ መሣሪያው በሙሉ ይኸው ነበር። ባለቤቱ መሐንዲስ ወይም ነጋዴ አልነበረም። ዕድሜውን በዛጎል፣ በቀንድ አውጣና በሸክላ ስባሪ ምርመራ ያሳለፈ የእንስሳት ሳይንስ ሊቅ ነበር። ስሙ ኤድዋርድ ሲልቨስተር ሞርስ ይባላል።

ብዙ አንባቢ ሞርስ የሚለውን ስም ሲሰማ የቴሌግራፉን ሰው ሳሙኤል ሞርስን ያስባል። የዚህ ጽሑፍ ባለታሪክ ግን ሌላ ነው። በጃፓን የአርኪዮሎጂ ጥናትን የጀመረ ሰው ተብሎ ይከበራል። በአሜሪካ የሴለም ከተማ ቤተ መዘክርን ለረዥም ዘመን የመራ ሰው እንደሆነ ይታወሳል። ከሥራዎቹ ሁሉ በጣም የተረሳው፣ ማንም ባለቤት በገዛ እጁ ሊሠራው የሚችለው ያ የግድግዳ ማሞቂያ ነው። ዛሬ በብዙ አገሮች ሰዎች ከጣውላ፣ ከላሜራና ከመስታወት በቤታቸው የሚሠሩት የፀሐይ አየር ማሞቂያ መነሻው ሲፈለግ ከሞርስ ደጃፍ ያደርሳል።

ከትምህርት ቤት የተባረረው ልጅ

ኤድዋርድ ሞርስ እ.ኤ.አ. ጁን 18 ቀን 1838 በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ በሜይን ግዛት፣ በፖርትላንድ ከተማ ተወለደ። ፖርትላንድ የባሕር ወደብ ናት፤ ክረምቷ ረዥምና በረዷማ ነው። አባቱ በሃይማኖቱ ጥብቅ፣ በቤቱም ሥርዓት የማያወላዳ ሰው ነበር። እናቱ ደግሞ ስለ ተፈጥሮ ማወቅን የምትወድ ሴት ነበረች። ልጁ ከእናቱ የወረሰው ፍላጎት ከአባቱ ሥርዓት ጋር አልስማማ አለው። ከአንድ ጊዜ በላይ ከትምህርት ቤት ተባረረ። ወንበር ላይ ተቀምጦ ማዳመጥ የማይሆንለት፣ እጁ ሥራ የማይፈታ ልጅ ነበርና ከጠረጴዛው እንጨት ላይ እንኳ ቅርጽ ሲቀርጽ ይገኝ ነበር።

ከትምህርት ቤት ደጅ ውጭ ግን ሌላ ትምህርት ጀምሮ ነበር። በባሕሩ ዳርና በየጫካው እየዞረ ዛጎልና ቀንድ አውጣ ይለቅም ነበር። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ያከማቸው ስብስብ በመስኩ ያሉ ምሁራን ሊያዩት የሚመጡበት ሆነ። ከቅጠል ሥር ከሚኖሩ ጥቃቅን ቀንድ አውጣዎች መካከልም እስከዚያ ዘመን በሳይንስ ያልተመዘገቡ ሁለት ዓይነቶችን ለይቶ አገኘ። ሌላው ሰው ረግጦት የሚያልፈውን ነገር ጎንበስ ብሎ ማየት የልጅነት ጠባዩ ነበር፤ እስከ እርጅናውም አልተለየውም።

እንጀራውን የጀመረው በባቡር ፋብሪካ ነው። በፖርትላንድ የእንፋሎት ባቡር በሚሠራበት ድርጅት የንድፍ ሣይ ሆኖ ተቀጠረ። የማሽን ክፍሎችን በልክ መሣል፣ አንዱ ቁራጭ ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚገጥም በወረቀት ላይ ማሳየት የዕለት ሥራው ሆነ። ኋላ ላይ በማስተማሪያ አዳራሾች በሁለት እጆቹ በአንድ ጊዜ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዕል በመሣል አድማጮቹን የሚያስደንቅበት ችሎታ በዚህ ሥራ ዳበረ። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አልነበረውም፤ ዓይንና እጅ ግን ነበረው።

እ.ኤ.አ. በ1859 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሳይንስ ቤተ መዘክርን ያቋቋመው ስመ ጥሩው ምሁር ሉዊ አጋሲ ወጣቱን ረዳት አድርጎ ወሰደው። አጋሲ ተማሪዎቹን ከመጽሐፍ በፊት ወደ ነገሩ ራሱ የሚመራ መምህር ነበር። አንድ ዓሣ ወይም አንድ ዛጎል ፊታቸው ያስቀምጥና ደጋግመው እንዲያዩት ያደርግ ነበር። ሞርስ ከዚህ ትምህርት ብዙ ወሰደ፤ በአንድ ትልቅ ጉዳይ ግን ከመምህሩ ተለየ። አጋሲ የዳርዊንን የዝግመተ ለውጥ አስተሳሰብ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ ሲቃወም፣ ሞርስ ማስረጃውን በራሱ ዓይን መርምሮ ተቀበለው።

በ1860ዎቹ አጋማሽ ሞርስ ከጥቂት ባልንጀሮቹ ጋር ወደ ሴለም ከተማ ተዛወረ። ሴለም የማሳቹሴትስ ግዛት ጥንታዊ የወደብ ከተማ ስትሆን፣ መርከበኞቿ ከሩቅ ምሥራቅ ያመጧቸው ቅርሶች በአንድ ማኅበር ተከማችተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1867 ባለጸጋው ጆርጅ ፒቦዲ በሰጠው ገንዘብ እነዚህ ስብስቦች የፒቦዲ የሳይንስ አካዳሚ በሚባል ተቋም ሥር ተጠቃለሉ። ሞርስና ባልንጀሮቹ በዚያ ሠሩ፤ ስለ ተፈጥሮ ለሕዝብ የሚጽፍ መጽሔትም መሠረቱ። ከ1871 እስከ 1874 በሜይን ግዛት በቦውዲን ኮሌጅ አስተማረ። ዲግሪ ያልነበረው ሰው ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1876 ደግሞ ለአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ አባልነት ተመረጠ።

ጃፓን ያሳየችው

ሞርስን ወደ ጃፓን የወሰደው ብራኪዮፖድ የሚባል ትንሽ የባሕር እንስሳ ነው። ሁለት ክዳን ያለው ዛጎል ስላለው ለብዙ ዘመን ከቀንድ አውጣና ከመሰሎቹ ወገን ሲቆጠር ኖሯል። ሞርስ ውስጡን መርምሮ ከዚያ ወገን እንዳልሆነ ተከራከረ። ጥናቱን ለማስፋት በጃፓን ባሕር ብዙ ዓይነት እንዳለ ስለተረዳ እ.ኤ.አ. በጁን 1877 ዮኮሃማ ወደብ ደረሰ።

ከዮኮሃማ ወደ ቶኪዮ በሚወስደው ባቡር ተሳፍሮ ሳለ፣ ኦሞሪ በሚባል ስፍራ አጠገብ ለሐዲዱ ሲባል ከተቆረጠው ኮረብታ ጎን ነጭ ነገር ተገልጦ አየ። የጥንት ሰዎች በልተው የጣሉት የዛጎል ክምር መሆኑን በመስኮት እንዳየው አወቀ። በሜይን የባሕር ዳርቻ እንዲህ ያለ ክምር ያውቅ ነበርና ዓይኑ አልሳተም። በዚያው ዓመት ከተማሪዎቹ ጋር ቁፋሮ ጀመረ። ከዛጎሉ መካከል ገመድ ተጭኖባቸው የተጌጡ የሸክላ ስባሪዎች ወጡ። ዛሬ ጃፓኖች ጆሞን ብለው የሚጠሩት እጅግ ጥንታዊ ዘመን ስያሜ የመጣው እርሱ ለእነዚህ ሸክላዎች ከሰጠው መግለጫ ነው። ያ ቁፋሮ በጃፓን በሳይንሳዊ ዘዴ የተካሄደ የመጀመሪያው የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ተብሎ ይቆጠራል።

አዲስ የተከፈተው የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሳይንስ መምህር አደረገው። ሞርስ በዚያ እስከ 1879 ቆየ፤ የዝግመተ ለውጥን ትምህርትም ለጃፓን ተማሪዎች በይፋ አስተማረ። ከሥራ ሰዓቱ ውጭ ግን ዓይኑ ሌላ ነገር ላይ ነበር። የሰው ቤት እንዴት እንደሚሠራ ያጠና ጀመር። ጣሪያው እንዴት እንደሚታሰር፣ የወረቀት መዝጊያው ብርሃንን እንዴት እንደሚያሳልፍ፣ ወለሉ ከመሬት ለምን ከፍ እንደሚል፣ ቤተሰቡ በክረምት በትንሽ የከሰል ምድጃ ዙሪያ እንዴት እንደሚሰበሰብ እየሣለ መዘገበ። ይህን ሁሉ በ1880ዎቹ አጋማሽ ስለ ጃፓን ቤቶችና አካባቢያቸው በጻፈው መጽሐፍ አቀረበው። መጽሐፉ ዛሬም በሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ዘንድ ይነበባል።

መጋረጃውና መስታወቱ

ሞርስ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1880 የፒቦዲ የሳይንስ አካዳሚ ኃላፊ ሆነ፤ ቤቱንም በሴለም አደረገ። የሴለም ክረምት ብርቱ ነው። በዚያ ዘመን ቤት የሚሞቀው በእንጨትና በድንጋይ ከሰል ምድጃ ነበር። ምድጃው ሲነድ ክፍሉ ይታፈናል፤ አየር እንዲገባ መስኮት ቢከፈት ደግሞ የተገዛው ሙቀት አብሮ ይወጣል። ደሃው ቤተሰብ ከሁለት አንዱን ይመርጥ ነበር፤ ወይ መታፈን ወይ መብረድ።

መልሱን ሞርስ ያገኘው ከመስኮት መጋረጃ ነው። ጥቁር መጋረጃ በተዘረጋበት መስኮት ላይ ፀሐይ ስትበራ፣ በመጋረጃውና በመስታወቱ መካከል ሞቃት አየር ወደ ላይ ሲወጣ ልብ አለ። እንዲህ ያለ መጋረጃ በስንት ሺህ ቤት ተሰቅሎ ነበር፤ ስንት ሰውስ ከአጠገቡ ተቀምጧል! ከነገሩ ውስጥ መሣሪያ ያየ ግን ይህ ቀንድ አውጣ ለቃሚ ነበር።

የነገሩ ምሥጢር ጠዋት ከግድግዳ ሥር ተቀምጦ ፀሐይ የሚሞቅ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ጥቁር ልብስ የለበሰ ከነጭ ለባሹ ፈጥኖ ይሞቃል። የፀሐይ ብርሃን በመስታወት በኩል ያለ ችግር ያልፋል፤ ጥቁር ነገር ላይ ሲያርፍ ወደ ሙቀት ይለወጣል። የሞቀው ነገር መልሶ የሚሰጠውን ሙቀት ግን መስታወቱ በቀላሉ አያሳልፍም፤ ነፋስም ጠርጎ እንዳይወስደው ይከላከላል። በመካከሉ የታሰረው አየር ሲሞቅ ይቀላል፤ ሲቀል ይወጣል፤ ሲወጣ ከሥሩ ቀዝቃዛውን አየር ይስባል። እንዲህ እያለ ያለ ማራገቢያ የሚዞር የአየር ጅረት ይፈጠራል።

ሞርስ በመጋረጃው ፋንታ ጥቁር የድንጋይ ንጣፍ ተጠቀመ። በአካባቢው ለቤት ጣሪያ ክዳን የሚውል ስስ ድንጋይ ነው፤ አይቃጠልም፣ ጨርቅ እንደሚያደርገው በፀሐይ ብዛት አይበሰብስም። ንጣፉን ፀሐይ በሚያገኘው የቤቱ ውጫዊ ግድግዳ ላይ አቆመ፤ ጥቂት ክፍተት ትቶ ከፊቱ መስታወት አደረገ። በግድግዳው ላይ ከታች በወለሉ አጠገብ አንድ ቀዳዳ፣ ከላይ በጣሪያው አጠገብ ሌላ ቀዳዳ ከፈተ፤ ለቀዳዳዎቹም መዝጊያ አበጀላቸው።

ጥበቡ ያለው በመዝጊያዎቹ ላይ ነው። በብርዱ ወራት የታችኛውና የላይኛው ቀዳዳ ወደ ክፍሉ ሲከፈቱ፣ ወለሉ ላይ የተኛው ቀዝቃዛ አየር ከታች ይወጣና ሞቆ ከላይ ይመለሳል። ክፍሉ ታፍኖ ከሆነ የታችኛው መንገድ ወደ ውጭ ይከፈታል፤ ያን ጊዜ ንጹሕ የውጭ አየር ገብቶ፣ ሞቆ ወደ ክፍሉ ይደርሳል። በሙቀት ወራት ደግሞ የላይኛው መንገድ ወደ ውጭ ይለቀቃል፤ ፀሐይዋ ያሞቀችው አየር ወደ ሰማይ ሲወጣ የክፍሉን የታመቀ አየር ከታች ስቦ ያወጣዋል፤ በጥላው በኩል ካለ መስኮትም ቀዝቀዝ ያለ አየር ይተካል። አንድ ግድግዳ በክረምት ምድጃ፣ በበጋ ደግሞ አየር ማናፈሻ ሆነ ማለት ነው። የባሕረ ሰላጤው አገሮች የቀድሞ ነዋሪዎች በነፋስ ማማዎቻቸው ነፋስን ወደ ቤት ሲያወርዱ እንደነበረው ሁሉ፣ ይህም አየርን ያለ ማሽን የማዘዋወር ጥበብ ነው።

ማሞቂያው ወደ ደቡብ መመልከቱም ምክንያት አለው። ከምድር ወገብ በስተሰሜን ርቀው በሚገኙ አገሮች የክረምት ፀሐይ በደቡብ በኩል ዝቅ ብላ ትሄዳለች። በሴለም በዲሴምበር መጨረሻ ቀትር ላይ ከአድማስ ከፍ የምትለው 24 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቆሞ ያለ ግድግዳን ፊት ለፊት ትመታዋለች። በጁን ግን ወደ 71 ዲግሪ ስለምትወጣ ያንኑ ግድግዳ በጎን ዳስሳው ታልፋለች። ተፈጥሮ ራሷ ሙቀቱን በሚፈለግበት ወቅት ጨምራ፣ በማይፈለግበት ወቅት ቀንሳ ትሰጣለች።

ሞርስ ይህን በወረቀት ላይ አልተወውም። በመኖሪያ ቤቱ የጽሕፈት ክፍሉን በዚህ ማሞቂያ አሞቀ። እ.ኤ.አ. በ1882 አንድ ታዋቂ የአሜሪካ የሳይንስ መጽሔት ሥራውን ለአንባቢዎቹ አስተዋወቀ። ነገሩ እጅግ ቀላል ከመሆኑ የተነሣ ከጥንት ጀምሮ ሥራ ላይ አለመዋሉ እንደሚያስገርም ገልጾ፣ ለመሥራቱ ማስረጃው የፕሮፌሰሩ የገዛ ክፍል እንደሆነ አመለከተ።

ለምን ተረሳ?

እንዲህ የተመሰገነ ሥራ በየቤቱ መግባት ሲገባው አልገባም። ከምክንያቶቹ አንዱ የድንጋይ ከሰል መርከስ ነው። በባቡር ወደየከተማው የሚጋዘው ከሰል በቀላሉ የሚገኝ ነበርና፣ ግድግዳ በስቶ መስታወት ከመግጠም ምድጃ ማንደድ ለብዙው ሰው ይቀል ነበር። ሁለተኛው ምክንያት ከመሣሪያው ጠባይ የመጣ ነው። ስሱ ድንጋይ ሙቀትን ይቀበላል እንጂ ለሌሊት የሚበቃ አያኖርም። ፀሐይ ስትጠልቅ ሥራው ያበቃል፤ ደመናም ሲሆን ያርፋል። ይባስ ብሎ መዝጊያዎቹ በሌሊት ካልተዘጉ ጅረቱ ይገለበጣል፤ በመስታወቱ ሥር የቀዘቀዘው አየር ወደ ክፍሉ እየወረደ የሞቀውን ከላይ ይስበዋል።

ሦስተኛው ምክንያት ሰውየው ራሱ ነው። ሞርስ ፋብሪካ አልከፈተም፣ ኩባንያም አላቋቋመም። መብቱ በተሰጠው ማግስት እ.ኤ.አ. በ1882 ወደ ጃፓን ተመልሶ ሸክላ ፍለጋ በየአውራጃው ይዞር ነበር። ከ5,000 በላይ ቁጥር ያለው የጃፓን ሸክላ ስብስቡ ኋላ ለቦስተን የኪነ ጥበብ ቤተ መዘክር ተሸጠ፤ እርሱም ጠባቂው ሆኖ በ1901 ዝርዝሩን የያዘ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። በ1886 የአሜሪካ የሳይንስ ማስፋፊያ ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበር። ሕይወቱ በብዙ ሥራ የተከፋፈለች ነበረችና ማሞቂያው ከብዙዎቹ አንዱ ሆኖ ቀረ።

በዚያ ዘመን የአሜሪካ የፈጠራ መብት ለ17 ዓመት ብቻ ይጸና ነበር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1898 የሞርስ መብት ጊዜው አለፈ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ማንም ሰው ያለ ፈቃድና ያለ ክፍያ ሊሠራው ይችላል። በዚያው ዓመት የጃፓን መንግሥት የፀሐይ መውጫ ኒሻን ሸለመው። ሽልማቱ ለትምህርቱና ለቁፋሮው የተሰጠ ነበር፤ ስለ ማሞቂያው ያሰበ ያን ጊዜ አልነበረም።

ሐሳቡ ዳግም የተነሣው በሌሎች እጅ ነው። ፈረንሳዊው ፌሊክስ ትሮምብ ከአርክቴክቱ ዣክ ሚሼል ጋር እ.ኤ.አ. በ1967 በፒሬኔ ተራሮች፣ በኦዴዮ ከተማ በዚሁ መንገድ የሚሞቁ ቤቶች አሠራ። በስሱ ድንጋይ ፋንታ ወፍራም የኮንክሪት ግድግዳ አደረገ፤ ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ለክፍሉ ይሰጣል። የሞርስ ሥራ የጎደለው ይህ ነበር። ዛሬ በመላው ዓለም የሥነ ሕንፃ መጻሕፍት የትሮምብ ግድግዳ ይሉታል፤ ከ80 ዓመት በላይ የቀደመው የሴለሙ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ሳይጠቀስ ይታለፋል።

እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ዋጋ በድንገት ሲንር የአሜሪካና የአውሮፓ ቤተሰቦች ለማሞቂያ የሚከፍሉት ገንዘብ አስጨነቃቸው። ያን ጊዜ በየጓሮው መጋዝና መዶሻ ተነሣ። ሰዎች ከጣውላ ሣጥን፣ ከጥቁር ላሜራና ከመስታወት የየራሳቸውን ማሞቂያ መሥራት ጀመሩ። ጊዜ ሲሄድ የለስላሳ መጠጥ ጣሳዎችን ከላይና ከታች በስቶ፣ እንደ ቧንቧ ደርድሮ፣ ጥቁር ቀብቶ መጠቀምም ተለመደ። ቅርጹ ቢለያይም አሠራሩ የሞርስ ነው።

በገዛ እጅ ለሚሠራው

የሞርስን ሥራ ዛሬ ለመድገም የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። የጣውላ ወይም የኮምፔንሳቶ ሣጥን፣ በጀርባው ሙቀት የማያሳልፍ ንጣፍ፣ በመካከሉ ጥቁር የተቀባ ላሜራ፣ ከፊቱ መስታወት ወይም ሙቀት የሚችል ጠንካራ ፕላስቲክ ይበቃል። ጥርት ባለ ቀን በቀትር፣ ፀሐይን ፊት ለፊት የሚያይ አንድ ካሬ ሜትር ስፍራ 1,000 ዋት ያህል ኃይል ይቀበላል። በጥንቃቄ የተሠራ ሣጥን ከዚህ ግማሽ ያህሉን ወደ ሞቃት አየር ሊለውጥ ስለሚችል፣ ሁለት ካሬ ሜትር የሆነው ከአንድ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ጋር ይስተካከላል፤ ፀሐይ እስካለች ድረስ።

ሥራውን የሚያበላሹት ነገሮች የታወቁ ናቸው። ቀዳዳዎቹ ከጠበቡ አየሩ አይዞርም፤ ሙቀቱ በሣጥኑ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ሽንቁሩ በሚገባ ካልተደፈነ የሞቀው አየር ወደ ውጭ ያመልጣል። አየሩ በማይንቀሳቀስበት ጊዜ ሣጥኑ እጅግ ስለሚግል በጀርባው ተራ ነጭ ፎም ማድረግ አይገባም፤ ይቀልጣል፣ መጥፎ ሽታም ይሰጣል። ቀለሙም ሙቀት የሚችል መሆን አለበት፤ ሽታው እስኪያልቅ ድረስ ሣጥኑን ከቤቱ ጋር ሳያገናኙ ለብዙ ቀናት ፀሐይ ላይ ማቆየት ይበጃል። የሌሊቱ መዝጊያ ደግሞ ፈጽሞ አይዘነጋም። ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ግን ቆፈናም በሆነበት ደጋ አገር ቤት ለመሥራት የሚያስብ ሰው ከዚህ የሚማረው አያጣም። ከሣጥኑም በፊት የቤቱን ፊት ወደየት እንደሚያደርግና መስኮቱን በየትኛው ግድግዳ እንደሚያወጣ ማሰቡ ምንም ወጪ የሌለው የመጀመሪያ እርምጃ ነው።

የመጨረሻ ዓመታት

ሞርስ በእርጅናውም አላረፈም። የእንፋሎት ፊሽካ በየከተማው የሚያሰማው ጩኸት ጤና እንደሚጎዳ እየጻፈ ተሟገተ። ስለ ማርስ ፕላኔት መጽሐፍ አሳተመ። በ1917፣ ከ79 ዓመት ዕድሜው ደጃፍ ላይ ሆኖ፣ በጃፓን ሳለ በየቀኑ የጻፈውንና የሣለውን ማስታወሻ በሁለት ቅጽ አወጣ። ብዙ የጃፓን ጥንታዊ ልማድ እየጠፋ በነበረበት ወቅት የተመዘገበ ስለሆነ ለጃፓኖች ራሳቸው የታሪክ ምንጭ ሆኗል።

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1923 ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ቶኪዮን መታ፤ የተነሣው እሳትም የዩኒቨርሲቲውን ቤተ መጻሕፍት አወደመ። ሞርስ ይህን ሲሰማ ዕድሜውን ሙሉ የሰበሰባቸው መጻሕፍት በሙሉ ለዚያ ዩኒቨርሲቲ እንዲሰጡ ተናዘዘ። በወጣትነቱ ከትምህርት ቤት የተባረረው ሰው፣ በስተርጅናው በሌላ ክፍለ ዓለም የሚገኝ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍትን ባዶ መደርደሪያ ሞላ።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 20 ቀን 1925 በ87 ዓመቱ በሴለም አረፈ። በሁለት እጅ እኩል የመሥራት ችሎታው ለሳይንስ ምርመራ ይጠቅም እንደሆነ በማሰብ አንጎሉ ለጥናት እንዲሰጥ ተናዝዞ ነበር። ነገርን በማየት የኖረ ሰው በመጨረሻ ራሱን ለሌሎች ዓይን ሰጠ።

መጻሕፍቱ ቶኪዮ ደረሱ፤ ሸክላዎቹ በቦስተን ቤተ መዘክር ይገኛሉ፤ የመራው ተቋም ዛሬ የፒቦዲ ኤሴክስ ቤተ መዘክር ተብሎ በሴለም ቆሟል። ከውርሱ አንዱ ክፍል ግን በየትኛውም መደርደሪያ አልተቀመጠም። ጥቁር ነገር፣ መስታወት፣ ከታች አንድ ቀዳዳ፣ ከላይ አንድ ቀዳዳ። ባለቤት የለውም፤ ዋጋም የለውም። ፀሐይ የምትመታው ግድግዳ ያለው ሰው ሁሉ ወራሹ ነው።